ካሳ መጠየቅ ነውር አይደለም

እህቶቼ፣ አንድ ነገር በጣም ያናድደኛል። ከመካከላችን አንዷ ተጎድታ «ካሳዬን ስጡኝ» ስትል ወሬው ይጀመራል። «ገንዘብ ፈልጋ ነው» ይሏታል፤ «ለእግዚአብሔር ብትሰጠው አይሻልም?» ይሏታል። ገንዘብ ብትፈልግ ምን ይገርማል? የተሰበረ እጅ በከንፈር መምጠጥ ይድናል እንዴ?

ጆኒ ኮክራን የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ጠበቃ ነበር። ብዙ ሰው የሚያውቀው በኦ.ጄ. ሲምፕሰን ክስ ነው፤ እኔ የምወድለት ግን ሌላውን ሥራውን ነው። በፈረንጆቹ 1963 ሥራ የጀመረው በሎስ አንጀለስ ከተማ አቃቤ ሕግ ሆኖ ነው፤ ለመንግሥት ሰው ይከስ ነበር። ከዚያ ወጣና ፖሊስ ለጎዳቸው ሰዎች ካሳ መጠየቅ ጀመረ። በ1966 ነፍሰ ጡር ሚስቱን ወደ ሆስፒታል ሲያከንፍ ፖሊስ ተኩሶ ለገደለው ለሊዮናርድ ዴድዋይለር ቤተሰብ ተሟገተ። ተሸነፈ፤ ግን አልተወም።

በ1997 ኒውዮርክ ውስጥ አብነር ሉዊማ የሚባል የሄይቲ ስደተኛ ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ተሠቃየ። ዋናው ፖሊስ 30 ዓመት ተፈረደበት። እሰየው! ግን ያ እስራት የሉዊማን ቁስል አያክምም። ኮክራንና ሌሎች ጠበቆች ካሳ ጠየቁለት፤ በ2001 ከተማውና የፖሊሶቹ ማህበር 8.75 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ። የወንጀል ክስ ያጠፋውን ያስራል፤ የካሳ ክስ የተጎዳውን ያቆማል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

አቃቤ ሕግ የነበረ ጠበቃ መንግሥት መዝገብ እንዴት እንደሚያደራጅ፣ ምስክር እንዴት እንደሚጠየቅ ከውስጥ ያውቃል። በዚያ አገር የጉዳት ካሳ ጠበቃ አብዛኛውን ጊዜ ቅድሚያ አይጠይቅም፤ ሲያሸንፍ ሲሶ ያህሉን ይወስዳል። ሆዳም የሚሏቸው አሉ። ይበሏቸው! ኪሷ ባዶ ለሆነች ሴት በሌላ መንገድ ማን ይቆምላታል?

እኛ ወዳለንበት ወደ ሊባኖስ ልምጣ። የ1946 የሥራ ሕግ በ7ኛው አንቀጽ የቤት ሠራተኛን ከሕጉ ውጭ አድርጓታል። ይህን የሰማች ሁሉ «ለእኛ ሕግ የለም» ብላ ትቀመጣለች። ልክ አይደለም። ስለ ግዴታዎችና ውሎች የወጣው የ1932 ሕግ በ122ኛው አንቀጽ በጥፋቱ ሰውን የጎዳ ይካስ ይላል። «የቤት ሠራተኛ ካልሆነች» አይልም።

እኔ መስኮት ስወለውል ከመሰላል ወድቄ የእጄ አንጓ ተሰብሯል። ማዳሜ የሐኪሙን ሂሳብ ከደሞዜ ቆረጠችው፤ በሦስተኛው ቀን ወለል አስጠረገችኝ። ዛሬም ልብስ ስጨምቅ ያመኛል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ፍርሃቱን አውቀዋለሁ። በከፋላ ከቤት የወጣች ወረቀቷ ይበላሻል፤ አንዳንዷን «ወርቅ ሰርቃለች» ብለው ይከሷታል። ለዚህ እኮ ነው የመንግሥትን አሠራር የሚያውቅ ጠበቃ የሚያስፈልገን። ማህበራችን ለበዓል ድግስ እንደሚያዋጣ ለጠበቃም ያዋጣ፤ ከዚያ ወገን ሠርቶ የወጣ ሰውም ይፈልግ። እናንተም ስትጎዱ ቁስሉን ፎቶ አንሱ፣ ቀኑን ጻፉ፣ የሐኪም ወረቀት አትጣሉ፣ ያየ ሰው ካለ ስሙን ያዙ። ያለ ማስረጃ ኮክራንም ቢሆን ባዶ እጁን ነው።

ካሳ ልመና አይደለም። በሕግ አምላክ ብለን የምንጠይቀው የራሳችን ገንዘብ ነው።