ቲኬት ቆርጦ ወንበር ያጣ መንገደኛ ምን ይጠይቅ?

አብዛኞቻችሁ ሱቃችሁን ለሰው አደራ ሰጥታችሁ ወይም ታክሲያችሁን አቁማችሁ የምትጓዙት ከስንት አንዴ ነው። ቲኬት ቆርጣችሁ፣ በሰዓቱ ደርሳችሁ «አውሮፕላኑ ሞልቷል» ስትባሉ ግን ብዙዎቻችሁ የሰጧችሁን ቫውቸር ተቀብላችሁ ዝም ትላላችሁ። ይህ ዝምታ ገንዘብ ያስከፍላል።

አየር መንገዶች «የሚቀር መንገደኛ አይጠፋም» በሚል ስሌት ከወንበሩ በላይ ቲኬት ይሸጣሉ። የአሜሪካ ሕግ ይህን አይከለክልም። ነገር ግን አየር መንገዱ አስቀድሞ በፈቃዱ የሚቀር ሰው መጠየቅ አለበት። ያለ ፈቃዳችሁ ካስቀራችሁ ደግሞ መብታችሁን የሚገልጽ ጽሑፍና ካሣ ሊሰጣችሁ ይገባል። ከአሜሪካ ወደ ውጭ አገር ስትበሩ በተለዋጩ በረራ ከ1 እስከ 4 ሰዓት ዘግይታችሁ የምትደርሱ ከሆነ ካሣው የአንድ ጉዞ ዋጋ ሁለት እጥፍ፣ ከ4 ሰዓት በላይ ከሆነ አራት እጥፍ ነው። ከጥር 2025 ወዲህ ሕጉ የሚያስገድደው ክፍያ ጣሪያ 1,075 እና 2,150 ዶላር ነው። ከአዲስ አበባ ወደ አሜሪካ ስትመለሱ ግን ይህ ደንብ አይሠራም።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ያለ ፈቃዱ የቀረ መንገደኛ ቫውቸሩን ትቶ ቼክ ወይም ጥሬ ገንዘብ መጠየቅ ይችላል። «በፈቃዴ ቀርቻለሁ» ብሎ የፈረመ ግን የሚያገኘው የተስማማበትን ብቻ ነው። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት የቀን ገቢያችሁን፣ የሱቅ ኪራዩንና የታክሲውን ኢንሹራንስ ደምሩ። የ300 ዶላር ቫውቸር ጊዜ ለተረፈው ሰው ትርፍ ነው፤ ሱቁ ለተዘጋበት ግን ኪሳራ ሊሆን ይችላል። ጉዳታችሁ ከካሣው የሚበልጥ ከሆነም ቼኩን ሳትቀበሉ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላላችሁ። ራልፍ ኔደር በ1972 ከበረራ ቢያስቀሩት ከሰሰ፤ በ1976 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ክሱ እንዲቀጥል ፈቀደለት።

በእኔ አስተያየት የሕጉ ጉድለት የሚጠቅመው የሚያውቀውን ብቻ መሆኑ ነው። ባለሥልጣን ፊት አንገት መድፋትን የለመድን ሰዎች ደግሞ በብዛት ከማያውቁት ወገን ነን። «ዝም አይነቅዝም» ይባላል፤ አውሮፕላን ጣቢያ ላይ ግን ይነቅዛል። በጨዋነት፣ ድምፅ ሳታሰሙ፣ «ጽሑፉን ስጡኝ፣ ቼኬን ጻፉልኝ» በሉ። የምትጠይቁት ችሮታ ሳይሆን የከፈላችሁበትን ነው።