«ስንተኛ ወጣህ?» ከማለታችን በፊት

እዚህ ይጁቤ ክረምቱ ገብቷል። ጠዋት የጀመረው ዝናብ ሲያካፋ ይውላል፤ ጭቃው ከደጅ አያስወጣም። እንዲህ ባለው ጊዜ ቡና አፍልቶ ከመጨዋወት ሌላ ምን ሥራ አለ? የዛሬው ጽሑፌም ቡና ላይ የተጀመረ ወሬ ነው።

ነገሩን ያመጣው የልጅ ልጄ ነው። ከእናት ከአባቱ ጋር ሌላ ከተማ ይኖራል፤ ትምህርት ሲዘጋ ክረምቱን እኔ ጋ ያሳልፋል። ዘንድሮ እንዳይረጥብበት ካርዱን በላስቲክ ጠቅልሎ ይዞልኝ መጣ። 3ኛ ክፍልን ጨርሷል። ከ68 ልጆች 9ኛ ወጥቶ «ተዛውሯል» ተብሎ ተጽፎበታል። ግንባሩን ስሜ፣ መርቄ፣ ለሹራብ መግዣ ሰጠሁት።

አንድ ምሽት ወጥ እየሠራሁ ጨው ፈለግሁ። መነጽሬን የት እንዳኖርሁት ጠፍቶኛል። «እስቲ ይህ ላስቲክ ላይ የተጻፈውን አንብብልኝ» አልሁት።

«ጨው» አለኝ።

«ሙሉውን አንብበው።»

«ጨው ነው የሚለው፣ እማማ።»

መነጽሬን አግኝቼ ሳየው «አዮዲን የተጨመረበት የገበታ ጨው» ይላል። ልጁ ያነበበው ጽሑፉን ሳይሆን ጨውነቱን ነው። የአማርኛ መጽሐፉን አስመጣሁት። ገጹን እንደ ውኃ አንቆረቆረው፤ ዓይኑ ግን ሥዕሉ ላይ ነበር። ሥዕሉን በእጄ ሸፍኜ መሐል ላይ ያለች አንዲት ቃል በጣቴ ጠቆምሁት። ዝም አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «እማማ፣ ከመጀመሪያው ልጀምር?» አለኝ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ልጁ ገጹን በቃሉ ይዞታል እንጂ አያነብም።

በነርስነት ከ30 ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። እናቶች ልጃቸውን አዝለው ሲመጡ «ምንም አልሆነም፣ ወፍሯል እኮ» ይሉኝ ነበር። የክንድ መለኪያዋን ሳጠልቅለት ግን አንዳንዱ ልጅ ቀይ ላይ ያርፋል። ዕድሜው ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ለሆነ ሕፃን የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ነገሩ ከባድ የምግብ እጥረት ነው። እብጠት እንደ ውፍረት እየታየ ስንቱን ወላጅ አታሏል! ያችን ርካሽ መለኪያ የምወዳት ሳይመሽ ስለምትነግረን ነው። ለትምህርትስ እንዲህ ያለ መለኪያ የለም ወይ? ይህን ጥያቄ ይዤ ሦስት የትምህርት ሰዎችን ቡና ጠራሁ።

የመጀመሪያው ጎረቤቴ ናቸው። በደርግ ዘመን ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥተው፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጎልማሳውን በኩራዝ ሲያስተምሩ ኖረው፣ አሁን ጡረታ ላይ ያሉ መምህር። ነገሬን ሰምተው ሳቁ።

«ሲስተር፣ ይኼ አዲስ በሽታ አይደለም። አባቶቻችን መድኃኒቱንም ያውቁት ነበር። ሀሁን በተርታ ማለት ዜማ ነው፤ ማንም ልጅ በሳምንት ይይዘዋል። ለዚህ እኮ ነው አቡጊዳ የተሠራው!»

እውነታቸውን ነው። ከቄስ ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ያስታውሳል። ልጁ ሀ ሁ ሂ ሃን ከጨረሰ በኋላ የኔታ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ ያስብሉታል። ተርታው ስለተዛባ ጆሮው አይረዳውም፤ ዓይኑ ፊደሉን መለየት አለበት። ልጁም በስንደዶ እየጠቆመ ያነባል፤ ጣቱና አፉ ከተለያዩ ወዲያው ይታወቅበታል። አንዱ በሦስት ወር፣ ሌላው በዓመት ቢያልፍ የኔታ ግድ የላቸውም። ሳያውቅ ግን ወደ ቀጣዩ አይሻገርም። «አለንጋው ይቅርብን» አሉ መምህሩ፣ «ግርፊያው ስንቱን ከትምህርት አባሯል። አንድ በአንድ መስማቱን ግን ከአለንጋው ጋር አብረን መጣል አልነበረብንም።»

ሁለተኛዋ ግቢዬ ውስጥ ተከራይታ የምትኖር የ1ኛ ክፍል መምህርት ናት። ወጣት ናት፤ ትሕትናዋ ደስ ይላል፣ እውነቱን ግን አታድበሰብስም።

«ሲስተር፣ አይቆጡኝና ልጁ ሰነፍ አይደለም» አለችኝ። «ብልህ ስለሆነ ነው የሸወዳችሁ። ማንበብ የማይችል ልጅ ገጽ ሙሉ በቃሉ ለመያዝ ምን ያህል እንደሚደክም ያውቃሉ?»

እሷ ክፍል 70 ልጅ አለ። የአገራችን መለኪያ ለአንደኛ ደረጃ ለአንድ መምህር 50 ተማሪ ነው የሚለው። ይህ ሁሉ ልጅ በአንድ ድምፅ «ሀ! ሁ!» ሲል የማይችለው ከሚችለው ጀርባ ይደበቃል። እሷ ያገኘችው ዘዴ በየቀኑ ሰባት ልጅ ለየብቻ መስማት ነው። መጽሐፉን አትጠቀምም፤ ራሷ በካርቶን የጻፈቻቸውን ቃላት በዘፈቀደ ታነሣለች። ለእያንዳንዱ አንድ ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል። በአሥር የትምህርት ቀን ክፍሉ ይዳረሳል። ደብተሯ ላይ በስማቸው አንጻር አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ነጥብ ታደርጋለች። የእኔን የክንድ መለኪያ ሳታየው መሥራቷ ገረመኝ።

ደግሞ አንድ የምትቀጣው ልጅ እንደነበረ በኀፍረት ነገረችኝ። ስትጠራው አይሰማም፤ ጓደኛውን ያያል፤ ታንበረክከዋለች። ለብቻው ልትሰማው ስታስጠጋው ከጆሮው የሚወጣው ፈሳሽ ሸተታት። ልጁ ደንቆሮ ሊሆን ምንም አልቀረውም ነበር። ጤና ጣቢያ ተልኮ ታከመ፤ ፊት ወንበር ተቀመጠ፤ አሁን ቢጫ ላይ ነው።

ሦስተኛው የጎረቤቴ የቀድሞ ተማሪ፣ ዛሬ ርዕሰ መምህር የሆነ ሰው ነው። «ጎበዝ መምህሮችህን የት ክፍል ትመድባለህ?» አልሁት። ስኒውን አስቀመጠ።

«እውነቱን ልንገርዎት፣ ሲስተር። ለሦስት ዓመት ያህል ጎበዞቹን ወደ ላይ ነው የመደብኋቸው። ክልላዊ ፈተና ያለው 6ኛና 8ኛ ክፍል ስለሆነ የምጠየቀው በዚያ ውጤት ነው። 1ኛ ክፍልን አዲስ ለመጣ ወይም ጤና ላነሰው ሰጠሁ። ስብሰባ ሲጠራም መጀመሪያ የሚበተነው 1ኛ ክፍል ነበር፤ ትንንሾች አያጉረመርሙም።»

ጡረተኛው መምህር ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጣሪያውን በቆርቆሮ ስታሳምር ምሰሶው ተበላ፣ ልጄ» አሉት።

በአገር ደረጃም የሆነው ይኸው ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሁላችንም ደነገጥን። ነገር ግን በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች በተደረገ የንባብ ጥናት ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሦው ገደማ ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። በዚያ ዓመት 2ኛ ክፍል የነበረ፣ ሳይወድቅ የዘለቀ ልጅ 12ኛ ክፍል የሚደርሰው በ2012 ዓ.ም. ነው። ሕመሙ የቆየ ነበር፤ እኛ የሰማነው ግን ልጆቹ አልጋ ከያዙ በኋላ ነው።

ርዕሰ መምህሩ አሁን ምን ቀየረ? ሦስት ነገር ነገረኝ። አንደኛ፣ 1ኛ ክፍልን ለጎበዝ መምህር ሰጠ፤ ይህች ተከራዬ ከእነዚያ አንዷ ናት። ሁለተኛ፣ በትምህርት ሰዓት መምህር ከክፍል አያስወጣም፤ ስብሰባና ሪፖርት ከትምህርት በኋላ ሆነ። ሪፖርቱ ዘግይቶ ከበላይ ተወቅሶበታል፤ «ወቀሳው ከልጆቹ ይሻለኛል» ይላል። ሦስተኛ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ራሱ 1ኛ ክፍል ገብቶ ተረት እያነበበ ልጆቹን ይይዛል፤ መምህርቷ ያን ጊዜ ቀይ ነጥብ ያላቸውን ጥግ ወስዳ ታስጠናለች። ከቢሮው ወንበር ያገኘሁት አመራር ከዚህ አይበልጥም ነው የሚለው።

በዚህ ሁሉ ላይ የእኛ ክልል የራሱ ቁስል አለው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በግጭቱ ምክንያት ስንት ትምህርት ቤት ደወል ሳይደወልበት ከረመ! እንደገና ሲመለስ ልጁ በዕድሜው ክፍል ይቀመጣል፤ ንባቡ ግን ከተቋረጠበት ቀርቷል። የዛሬ የ3ኛና የ4ኛ ክፍል ልጆቻችንን እንደ ደህና ልጅ ሳይሆን ከሕመም እንደ ተነሣ ልጅ ልናያቸው ይገባል።

የልጅ ልጄ ክፍል ይድገም ወይስ አይድገም? እዚህ ላይ ሦስቱ አልተስማሙም። ጡረተኛው መምህር «ይድገም፤ የኔታ ቢሆኑ አያሻግሩትም» አሉ። መምህርቷ «የኔታ እኮ ልጁን ለብቻው ይሰሙታል። ያው 68 ልጅ ያለበት ክፍል ተመልሶ ቢገባ ያንኑ ገጽ ደግሞ ይሸመድዳል፤ በዚያ ላይ አንገቱን ይደፋል» አለች። ርዕሰ መምህሩ ከእሷ ጋር ቆመ። እናቱ ስልክ ላይ «ዘጠነኛ የወጣውን ልጅ!» ብላ አኮረፈችኝ። በማግሥቱ ራሷ ደውላ፣ እሷም አስነብባው አለቀሰች። እስከ መስከረም እናስጠናውና አይተን እንወስናለን ብለናል።

እናንተም ልጆቻችሁ ዘንድሮ ካርድ ይዘው መጥተዋል። ከሦስቱ የተማርሁትን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ «ስንተኛ ወጣህ?» ከማለታችሁ በፊት አይቶት የማያውቀውን ነገር አስነብቡት፦ የሳሙና ላስቲክ፣ የሱቅ ታፔላ፣ ይህንኑ ጋዜጣ። ሥዕሉን ሸፍኑ፣ ከመሐል አስጀምሩት። ካልቻለ አትቆጡ፤ የተቆጣችሁት ልጅ ነገ ይበልጥ ይደበቃል። ራሳችሁ ማንበብ ባትችሉም ልጁ ያነበበውን በራሱ ቃል እንዲነግራችሁ ጠይቁት።

ሁለተኛ፣ ጆሮውንና ዓይኑን እዩ። ከጀርባው ቆማችሁ ቀስ ብላችሁ ስሙን ጥሩ። ደብተሩን አፍንጫው ሥር የሚያስጠጋ፣ ዓይኑን እያጨነቆረ የሚያይ፣ ጆሮው የሚፈስ ልጅ ካለ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ጆሮው ውስጥ ዘይትም ሆነ ቅቤ አትጨምሩ።

ሦስተኛ፣ የወላጅ ስብሰባ ስትጠሩ ስለ አጥርና ስለ መዋጮ ብቻ ተወያይታችሁ አትመለሱ። «1ኛ ክፍልን ማን ያስተምራል? ልጆቹን ለየብቻ የሚሰማቸው አለ?» ብላችሁ በትሕትና ጠይቁ። ርዕሰ መምህሩ እንደ ነገረኝ፣ በሥራ ዘመኑ ይህን የጠየቀው ወላጅ የለም። ሁሉም የሚጠይቀው ስለ 8ኛ ክፍል ነው።

የእኔው ልጅ በየጠዋቱ ከቁርስ በፊት ግማሽ ሰዓት አቡጊዳ ይላል፤ በስንደዶ እየጠቆመ። ዝግ ያለ ነው፤ አንዳንድ ቀን ያለቅሳል፣ እኔም ትዕግሥቴ ያልቃል። ባለፈው ዓርብ ግን የጨዉን ላስቲክ ራሱ አንሥቶ፣ «አ...ዮ...ዲን» አለና፣ «እማማ፣ አዮዲን ምንድን ነው?» አለኝ። እንቅርት እንዳይወጣ የሚጠብቅ ነገር መሆኑን፣ በወጣትነቴ በደጋው አገር አንገታቸው ያበጠ ስንት እናቶች እንዳየሁ ነገርሁት። ሲሰማኝ ቆይቶ ላስቲኩን ገልብጦ ከጀርባው ያለውን መፈለግ ጀመረ።

ሳምንት እስክንገናኝ፣ ቸር ያሰንብተን።