ከፊልሙ የጠፋችው ሠራተኛ

በዚህ ሰሞን ጥቂት ሆነን ተሰብስበን አንድ የቆየ የጥቁርና ነጭ ፊልም አየን። ርእሱ በእንግሊዝኛ «ኤንድ ዜን ዜር ወር ነን» ይባላል፤ «በመጨረሻም አንድም አልቀረ» እንደ ማለት ነው። በ1945 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በሆሊውድ የተሠራ ሲሆን፣ ያዘጋጀው ሬኔ ክሌር የተባለ ፈረንሳዊ ነው። ታሪኩ የተወሰደው እንግሊዛዊቷ ደራሲ አጋታ ክሪስቲ በ1939 ካሳተመችው መጽሐፍ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከባሕር መካከል ባለች ደሴት ላይ አንድ ትልቅ ቤት ብቻውን ቆሟል። ወደዚህ ቤት ስምንት እንግዶች በጀልባ ይመጣሉ። ቤት ውስጥ የሚጠብቋቸው ባልና ሚስት ሁለት አገልጋዮች ናቸው። ጋባዡን ግን ያየው የለም። ከራት በኋላ ከሸክላ ማጫወቻው አንድ ድምፅ ይወጣና ዐሥሩንም በየስማቸው እየጠራ ነፍሰ ገዳዮች እንደ ሆኑ ይናገራል። ከዚያ በአንድ የልጆች መዝሙር ቅደም ተከተል እየተከተሉ ይሞታሉ። አንድ ሰው በሞተ ቁጥር ከምግብ ጠረጴዛው ላይ ካሉት ዐሥር ትናንሽ ምስሎች አንዱ ይሰበራል። ጀልባ ስለሌለ መሸሻ የለም። ገዳዩ ማን እንደ ሆነ አንናገርም፤ ያላያችሁት ትቆጡናላችሁ።

ስለዚህ ፊልም የሚጽፉ ሰዎች የሚያደንቁት ይህንኑ እንቆቅልሽ ነው። እኛም ከዚህ ጋር ጠብ የለንም፤ እስከ መጨረሻው ስንገምት ቆይተን የገመትነው ሁሉ ሐሰት ሆኖ ቀርቷል። ነገር ግን ፊልሙን ከሳሎኑ በኩል ሳይሆን ከወጥ ቤቱ በኩል ብናየው ሌላ ነገር ይታያል ብለን እናምናለን።

አሳላፊው ቶማስ ሮጀርስ፣ ወጥ ቤቷ ሚስቱ ኤቴል ትባላለች። ጌታቸውን አይተውት አያውቁም። በመጽሐፉ እንደ ተጻፈው በኤጀንሲ በኩል በደብዳቤ ነው የተቀጠሩት። ትእዛዙ ሁሉ በጽሑፍ ተቀምጦ ይጠብቃቸዋል፤ ለማን የትኛው ክፍል እንደሚሰጥ፣ ሸክላው መቼ እንደሚከፈት ሳይቀር። እነርሱም የታዘዙትን ያደርጋሉ። በውስጡ ምን እንዳለ ሳያውቁ የከፈቱት ሸክላ ራሳቸውን ከሰሰ! እንግዶቹ ግን በመጀመሪያ የሚያፋጥጡት አሳላፊውን ነው። ማዳሟን ሳያዩ ውል የፈረሙ እኅቶቻችን የዚህን ሰው ፊት ሲያዩ ሳይጨንቃቸው አይቀርም።

አገልጋዮች ስለ ሆኑ ብቻ ንጹሐን ናቸው አንልም። የተከሰሱት በሽተኛ አሠሪያቸው እንድትሞት አድርገዋል ተብለው ነው፤ ከባድ ክስ ነው። ኤቴል በዚያች ሌሊት ተኝታ አልነቃችም። በመጽሐፉ ቶማስ በማግስቱ ጠዋት፣ የሚስቱ ሬሳ ላይኛው ፎቅ ተኝቶ፣ እንደ ልማዱ ለእንግዶቹ ቁርስ ያቀርባል። የሚያለቅስበት ሰዓት የለውም። በኋላም እንጨት ሲፈልጥ በመጥረቢያ ይገደላል። በፊልሙ ይህን ሰው ሆኖ የሠራው ሪቻርድ ሃይደን ነው፤ «ሳውንድ ኦፍ ሚዩዚክ» (1965) ውስጥ ማክስ የተባለውን የሠራው ቀልደኛ ማለት ነው። እዚህም ያስቃል። እኛም ስቀናል። ሳቃችን ያልጣመን ቤት ከገባን በኋላ ነው።

ዋናው ቅሬታችን ግን ሌላ ነው። ከስምንቱ እንግዶች አንዷ ኤሚሊ ብሬንት የተባለች ባልቴት ናት። በፊልሙ የሠራቻት ጁዲት አንደርሰን ከ5 ዓመት በፊት «ርብቃ» በተባለው ፊልም የትልቅ ቤት ሠራተኞች አዛዥ ሆና ተመልካቹን ያስፈራችው ተዋናይ ናት። በፊልሙ የዚህች ባልቴት ጥፋት የእኅት ወይም የወንድሟን ልጅ ወደ አጥፊ ልጆች ማረሚያ ልካው እዚያ ራሱን መስቀሉ ነው። በመጽሐፉ ግን እንዲህ አይደለም። በመጽሐፉ ያለችው ቢያትሪስ ቴይለር የምትባል ወጣት የቤት ሠራተኛዋ ናት። ልጅቱ ሳታገባ አረገዘች። እመቤቲቱ ይህን ስታውቅ ወዲያው አባረረቻት። የገዛ ወላጆቿም አላዘኑላትም። ወንዝ ገብታ ሞተች።

ሆሊውድ ከ1934 ጀምሮ ጥብቅ የሆነ የፊልም ሕግ ነበረው፤ እንዲህ ያለውን ነገር በግልጽ ማሳየት ቀላል አልነበረም። ይህን እናውቃለን። ሆኖም ልጅቱን አውጥቶ የወንድም ልጅ ማስገባት ትንሽ ለውጥ አይደለም። የወንድም ልጅ የቤት ልጅ ነው፤ ቢሞት የሚጠይቅለት ዘመድ አለው። ቢያትሪስን ግን የቀጠራት ቤትም የወለዳትም ቤት በር ዘግተውባታል። የመጽሐፉ ጭካኔ ያለው እዚህ ላይ ነው። ኤሚሊ ብሬንት መጽሐፍ ቅዱስ የማይለያት ሴት ናት፤ ስለ ልጅቱ ስትጠየቅ እኔ ምንም በደል የለብኝም ብላ ነው የምትመልሰው። ከዐሥሩ ሁሉ እኛን ያስደነገጠችን እርሷ ናት፤ ሌሎቹ ቢያንስ ይዋሻሉ ወይም ይፈራሉ። እንደ እኛ በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር የሚውል ሰው ይህችን ሴት አላውቃትም ቢል አናምነውም።

ፊልሙ ሌላም ለውጥ አድርጓል። በመጽሐፉ ዐሥሩም ሲያልቁ፣ ፊልሙ ደራሲዋ ራሷ በ1943 ለመድረክ ያዘጋጀችውን ፍጻሜ ተከትሎ ሁለቱን በፍቅር ያተርፋቸዋል። በዚህ አንከፋም፤ የሚተርፍ ሰው ማየት ደስ ይላል። ፊልሙንም እረፍት ስታገኙ ብታዩት አትጸጸቱም፤ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው።

መጽሐፉን ለማንበብ የቻላችሁ ግን አንድ ቦታ ፈልጉ። ኤሚሊ ብሬንት ማስታወሻ ደብተሯ ላይ የዕለቱን እየጻፈች ዐይኗ ይከደናል፤ እርሳሱ ግን መጻፉን አይተውም። ነቅታ ስታይ፣ የገዳዩ ስም ብላ የጻፈችው የቢያትሪስ ቴይለርን ስም ሆኖ ታገኘዋለች። እኔ ነኝ ይህን የጻፍሁት? ብላ ትደነግጣለች።