ባዶ የተባለው ሸለቆ

ከለንደን ወይም ከፍራንክፈርት ተነሥተው ሰሜን ስኮትላንድን በመኪና የሚዞሩ ጥንዶች ሲመለሱ የሚያወሩት አንድ ዐይነት ነው። ኢንቨርነስ ላይ ካምፐር ቫን ተከራዩ። ዝናብ ዘነበ። እሱ ነዳ፣ እሷ ካርታ አየች። በጠባቡ መንገድ ከፊት ለፊት መኪና ሲመጣ መተላለፊያ ቦታ እስኪያገኙ ድረስ ወደ ኋላ ነዱ፤ ያሳለፉትም ሰው እጁን አንሥቶ አመሰገናቸው። ማታ ትንኙ ፊታቸውን በላው። ከዚያ አንድ ጠዋት ጭጋጉ ተገፈፈና ሸለቆው ታያቸው። ፎቶው የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ከሥሩ የሚጻፈውም አይለወጥም፦ «የሰው እጅ ያልነካው ምድር»።

ጥንዶቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም። ዓመት ሙሉ ሠርተው ያገኙትን ዕረፍት ነው የሚያሳልፉት፤ ውበቱም ውሸት አይደለም። ውሸቱ ዐረፍተ ነገሩ ነው። ያንን ሸለቆ የሰው እጅ ነክቶታል፤ ያውም በኃይል። ባዶ ያደረገው የማስለቀቂያ ወረቀትና እሳት ነው። «የሰው እጅ ያልነካው» የሚለው ቃል ደግሞ የዋህ ስሕተት አይደለም፤ ሰው ያባረሩ ሰዎችን ሥራ ለፈጣሪ ይሰጥላቸዋል።

«ኖርዝ ኮስት 500» የሚባለው ዙሪያ መንገድ በዚህ ስም ለጎብኚ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ከኢንቨርነስ ግንብ ተነሥቶ የሰሜኑን ዳርቻ 516 ማይል ያህል ይዞርና እዚያው ይመለሳል። መንገዱ ቀድሞም ነበረ፤ አዲሱ ነገር ስሙና ቁጥሩ ነው። ቁጥር የተሰጠው መንገድ ደግሞ የሚጨረስ ነገር ይሆናል። ጥንዶቹን ወዳጅ የሚጠይቃቸው «በስንት ቀን ጨረሳችሁት?» ብሎ ነው፤ «ማንን አገኛችሁ?» የሚል የለም።

ሰሜኑ ጫፍ ላይ መንገዱ ቤቲሂል በምትባል መንደር ያልፋል። ስሟ የተወረሰው ከሰዘርላንድ ባለርስት ከእመቤት ኤልሳቤጥ እንደሆነ ይነገራል። ከመንደሯ ወደ ደቡብ የሚዘልቀው ስትራትኔቨር ሸለቆ ነው። ጭሰኛ የሚለውን ቃል ትርጉም ሳይጠይቅ የሚያውቅ አንባቢ ታሪኩን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም። በተለይ በ1814 እና በ1819 የሸለቆው ጭሰኞች ከነቤተሰባቸው ተነቀሉ፤ ተመልሰው እንዳይገቡም የጣሪያቸው እንጨት ተቃጠለ። ምክንያቱ በግ ነበር። አንድ ትልቅ በግ አርቢ የሚከፍለው ኪራይ ብዙ ጭሰኞች ተሰብስበው ከሚከፍሉት ይበልጥ ነበርና። የተነቀሉት ሰዎች ባሕሩ ዳር ቁራሽ መሬት ተሰጣቸው፤ ከብት አርቢው ዓሣ አጥማጅ ሁን ተባለ። የርስቱ ምስለኔ ፓትሪክ ሴላር ቤት በማቃጠልና በሰው ሞት ተከሶ በ1816 ችሎት ቀረበና ነጻ ወጣ። ችሎቱ የተቀመጠው በዚያችው ጥንዶቹ ካምፐር ቫን በተከራዩባት በኢንቨርነስ ነው። በተለቀቀው መሬት ላይ በግ ያረባውም ራሱ ሴላር ነው።

ቤቲሂል ውስጥ በቀድሞ ቤተ ክርስቲያን የተደራጀ ትንሽ ቤተ መዘክር አለ። ብዙው ካምፐር ቫን ሳይቆም ያልፈዋል፤ ቀጥሎ ያለው አሸዋማ የባሕር ዳርቻ ለፎቶ ይበልጣል።

ከአርድጌይ መንደር 10 ማይል ያህል ገባ ብሎ የሚገኘው የክሮይክ ቤተ ክርስቲያንም ከዙሪያው ውጭ ነው። በ1845 ከግሌንካልቪ የተባረሩ ቤተሰቦች በዚህ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ፣ በመቃብሮቹ መካከል ድንኳን ተክለው ተጠለሉ። አንዳንዶቹ በመስኮቱ መስተዋት ላይ ከውጭ በኩል ፊደል ጫሩ፤ ጭረቱ ዛሬም ይነበባል። የሚናገሩት ጋሊክ ሆኖ ሳለ የጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። የጻፉት ደግሞ እርግማን አልነበረም፤ ይህ የደረሰባቸው በራሳቸው ኃጢአት እንደሆነ የሚናገር ቃል ነው። መሬቱን የወሰደው ሰው ያልጠየቃቸውን ኑዛዜ ራሳቸው ሰጡት። ከዚያ መስኮት ፊት ቆሞ «የሰው እጅ ያልነካው» ለማለት ድፍረት ይጠይቃል።

እዚህ ላይ የሚነሣ መከራከሪያ አለ፤ ንቆ ማለፍም አይገባም። ሁሉም አልተባረረም፤ ብዙው በገዛ ፈቃዱ ሄደ፤ መሬቱ ድኻ ነበር፤ በ1846 ድንች በበሽታ ሲጠፋም ረኃብ ገባ ይባላል። እውነት ነው፤ ሁሉም ቤት አልተቃጠለም። ነገር ግን «በገዛ ፈቃዱ» የሚለውን ቃል ከመቀበል በፊት ስኮትላንድን ቀድመው የዞሩ ሁለት ሰዎች ያዩትን መስማት ይጠቅማል።

ሳሙኤል ጆንሰንና ጄምስ ቦዝዌል በነሐሴ 1773 ከኤድንብራ ሲነሡ አንደኛው 63፣ ሌላው 32 ዓመቱ ነበር። ባልና ሚስት አልነበሩም እንጂ እንደ ባልና ሚስት ይነታረኩ ነበር። ጆንሰን ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ ሰው አይደለም። የፖርቱጋላዊውን ኢየሱሳዊ ካህን የጀሮኒሞ ሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በ1735 አሳትሟል፤ በ1759 ደግሞ «ራስላስ»ን ጽፏል፤ ሲራክ ኅሩይም ወደ አማርኛ መልሶታል። ኢትዮጵያን በዐይኑ አላያትም። የልዑሉን የደስታ ሸለቆ የሠራው ካነበበው መጽሐፍና ከገዛ ምናቡ ነው። ያላየውን ሸለቆ መሥራት የሚያውቅበት ሰው ስኮትላንድ ላይ ያየውን ሸለቆ በምናቡ መሙላት ይቀለው ነበር።

አላደረገውም። ጆንሰን ንቀት ያልጎደለው ሰው ነው፤ በተለይ ቃሉን ሳይሰማ በጋሊክ ቋንቋ ላይ የሰጠው ፍርድ ዛሬም ያሳፍራል። ነገር ግን ይጠይቃል። ሎክ ኔስ አጠገብ አንዲት ባልቴት ጎጆ ገብቶ የቤቱን አሠራር፣ የምትበላውን፣ የልጆቿን ቁጥር፣ የፍየሎቿን ቁጥር መዝግቧል፤ ልጆቹ 5፣ ፍየሎቹ 60 ናቸው። ሰው አገሩን እየለቀቀ ወደ አሜሪካ መሄዱን ሲሰማም ለምን ብሎ ጠየቀ፤ ባለርስቶች ኪራይ መጨመራቸው አንዱ ምክንያት እንደሆነ ጻፈ። ቦዝዌልም በስካይ ደሴት፣ አርማዴል ላይ ያየውን አንድ ጭፈራ በማስታወሻው አስፍሯል። ጭፈራው «አሜሪካ» ይባላል። አንድ ጥንድ መሽከርከር ይጀምራል፤ ሌላው ይከተላል፤ በመጨረሻ ቆሞ የሚቀር ሰው የለም። ስደቱ እንዴት እንደሚጋባ የሚያሳይ ጭፈራ ነው። በዚያው በ1773 በጋ ደግሞ ዛሬ የጀልባ ወደብ ከሆነችው ከአላፑል አጠገብ «ሄክተር» የተባለች መርከብ 190 ያህል ሰው ጭና ወደ ኖቫ ስኮሺያ ተጉዛለች።

እሳቱ ገና አልነደደም ነበር። ኪራዩ ግን ጨምሯል፤ ጎረቤት ሄዷል፤ ጭፈራው ስም አውጥቷል። «በገዛ ፈቃዱ ሄደ» የሚባለው እንዲህ የሄደ ሰው ነው። በሪያድም ሆነ በዋሽንግተን የሚኖር አንባቢ ይህን ፈቃድ ከየትኛውም የታሪክ መምህር ይልቅ ያውቀዋል። ማንም በር ሰብሮ አላስወጣውም፤ መቅረትም አልቻለም። ስለዚህ ከዚህ ወገን የሆነ ጥንድ ያንን ሸለቆ አይቶ «እንዴት ደስ ይላል፣ ሰው የለም» ሲል ከሌላው ጎብኚ ይልቅ የእሱ ያስቆጫል።

ይህ ዐይን ደግሞ ስኮትላንድ ላይ ብቻ አይቆምም፤ ወደ አገር ቤት ሲመለስም አብሮ ይገባል። በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ሕዝብ በ2016 ወደ ደባርቅ እንዲዛወር ተደርጓል። በዓመቱ ፓርኩ አደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ወጣ። ዋልያን መጠበቅ ግዴታ ነው፤ ማንም አይከራከርም። ሆኖም ዛሬ እዚያ ሜዳ ላይ ቆሞ ጭላዳውን ፎቶ የሚያነሣ ሰው ገብስ ይዘራበት የነበረው ማን እንደሆነ ካልጠየቀ፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ያ ሜዳ ከጥንትም ባዶ ነበር ይባላል። ስትራትኔቨርም የተረሳው እንዲሁ ነው፤ ባልጠየቁ ሰዎች አፍ።

ማንም አይሂድ አልተባለም። የሰሜኑ ሰው ከጎብኚ ገንዘብ ያገኛል፤ ዳቦ ጋጋሪዋም፣ አልጋ አከራዩም፣ ጀልባ ነጂውም። የሚያስቀይመው ዙሪያውን ለመጨረስ ሲባል የሚታለፈው ነው።

ከሚታለፉት አንዷ ራሴይ ናት። ከስካይ በጀልባ ግማሽ ሰዓት እንኳ አትፈጅም። ጆንሰንና ቦዝዌል ቀናት ሰንብተውባታል፤ ማታ ማታ ይጨፈር ነበር፤ ቦዝዌልም ከደሴቲቱ ትልቁ ተራራ አናት ወጥቶ ጨፍሯል። በ1850ዎቹ መጀመሪያ ላይ የደሴቲቱ ገዥ ጆርጅ ሬኒ፣ በካሪቢያን ደመራራ የስኳር እርሻ የበለጸገ ሰው፣ ሃሌግንና ሌሎች መንደሮችን ባዶ አደረገ። በደሴቲቱ የተወለደው ባለቅኔ ሶርሊ ማክሌን ስለዚያች መንደር በጋሊክ የጻፈው ግጥም ዛሬ ከጋሊክ ሥነ ጽሑፍ ታላላቅ ሥራዎች አንዱ ነው።

በሰሜን ጫፏ ደግሞ አንድ መንገድ አለ፤ ሁለት ማይል እንኳ አይሞላም። የአርኒሽ መንደር ነዋሪዎች መንግሥት መንገድ እንዲሠራላቸው ለዓመታት ሲለምኑ ኖረው አልሆነም። ካለም ማክላውድ የተባለ ነዋሪ በ1960ዎቹ አጋማሽ ዶማ፣ አካፋና የእጅ ጋሪ ይዞ ብቻውን ቁፋሮ ጀመረ። መንገድ ካለ ሰው አይሰደድም፣ የሄደውም ይመለሳል ብሎ ነበር። ዐሥር ዓመት ያህል ፈጀበት። አስፋልት የለበሰው በ1982 ነው። መንገዱ ሲያልቅ በአርኒሽ የቀሩት እሱና ሚስቱ ብቻ ነበሩ ማለት ይቻላል።