የዓመቱ ምርጥ፣ ለማን?

ዓመት ባለቀ ቁጥር ወጣቶቻችን «የዓመቱ 10 ምርጥ ፊልሞቼ» እያሉ ይለጥፋሉ። አብዛኛው ዝርዝር ከላይ እስከ ታች ሆሊውድ ነው። ሆሊውድን መውደዳቸው አይደለም ችግሩ፤ ሌላውን ሳያዩ መምረጣቸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2021 «ፋያ ዳዪ» ወጣ። ጄሲካ በሽር ሐረር አካባቢ ለዓመታት የቀረጸችው ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። ጫት የሚለቅሙ እጆች፣ ጫት የወሰደው አባት፣ ለመሰደድ የሚያልም ልጅ አሉበት። ሰንዳንስ ላይ ታየ፤ ለኦስካር እጩነት በቅድሚያ ከተለዩት 15 ዘጋቢ ፊልሞች ዝርዝር ገባ። ከእናንተ ዝርዝርስ?

«ቀርፋፋ ነው» ትሉ ይሆናል። አዎ፣ ይዘገያል። የምርቃና ሰዓትም እንዲሁ ነው!

ለኒውዮርክ ልጆች ስፓይደርማን ይደርስላቸዋል። የኛን ቤት ልጅ ታሪክ እኛ ካላየነው ማን ይይልን? ዘንድሮ ከ10ሩ አንዷን ቦታ ለራሳችሁ ሰው ተዉ። መጀመሪያ ግን እዩት!