ሂና ከሱቅ ብቻ ለምን?

በክልሉ ቆላማ ወረዳዎች ዒድ ሲቃረብ ወይም ሠርግ ሲደገስ ከገበያ ከሚሸመቱ ነገሮች አንዱ ሂና ነው። ሙሽራ እጅና እግሯን የምታስውብበት፣ እናቶች ሽበታቸውን የሚሸፍኑበት ይኸው ቀለም በየሱቁ የሚታየው በአብዛኛው በካርቶን ወይም በቱቦ ታሽጎ ከውጭ የገባው ነው። የሚያስገርመው ቀለሙ የሚገኝበት ቁጥቋጦ ሙቀትና ደረቅ አየር የሚወድ፣ በመተማም ሆነ በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ጓሮ ሊለማ የሚችል መሆኑ ነው። በኢትዮጵያ ምሥራቃዊ ቆላዎች ተክሉ እንግዳ አይደለም። ጎረቤት ሱዳንም ከታወቁት የሂና አምራቾች አንዷ ናት።

ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለሌላ ጊዜ ሊቆይ ይችል ነበር፤ የጤናም ጉዳይ ነው። ንጹሕ የሂና ቅጠል ቆዳ ላይ የሚሰጠው ቀለም በመጀመሪያ ብርቱካናማ፣ ከአንድና ሁለት ቀን በኋላ ደግሞ ቀይ ቡናማ ነው። ጥቁር አይሰጥም። “ጥቁር ሂና” ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ ፓራ ፌኒሊን ዳያሚን የተባለ የጠጉር ማቅለሚያ ኬሚካል የተቀላቀለበት ነው። ይህ ኬሚካል በቆዳ ላይ ሲቀባ ሊያቆስል፣ ውኃ ሊያስቋጥርና ለዘለቄታው የሚቆይ አለርጂ ሊያስከትል ይችላል። በደቂቃዎች ውስጥ የሚያጠቁር ቅባት የገዛች እናት የገዛችው ቅጠል አለመሆኑን ልታውቅ ይገባል። ከራሷ ጓሮ ቆርጣ፣ አድርቃና ወቅጣ የምትጠቀም ሴት ግን በውስጡ ምን እንዳለ ማንንም መጠየቅ አያስፈልጋትም። (ንጹሕ የሆነውም ቢሆን ለጨቅላ ሕፃናት አይመከርም፤ ከወላጅ የሚወረስ የደም ችግር ያለባቸውን ሊጎዳ ይችላል።)

ታዲያ ተክሉ በየጓሮው ያልተስፋፋው ለምንድን ነው? አንዱ ምክንያት ዘሩ ነው። የሂና ፍሬ ክብ፣ ከአተር የማይበልጥ፣ ሲበስል ቡናማ የሚሆንና ሲደርቅ የሚፈነዳ ነው። በውስጡም ከ30 እስከ 50 የሚደርሱ ከሰሊጥ ፍሬ የማይበልጡ ደቃቅ ዘሮችን ይይዛል። ቅርፊታቸው ጠንካራ በመሆኑ እንደ ቃሪያ ወይም እንደ ጎመን ዘር ወዲያው መሬት ላይ የተበተኑ እንደሆነ ብዙዎቹ ሳይበቅሉ ይቀራሉ። አንድ ሳምንት ጠብቆ “ዘሩ የሞተ ነው” ብሎ መደቡን የሚገለብጥ ሰው የሚያጠፋው ብዙ ጊዜ ገና ያልነቃ ዘር ነው።

በሂና ምርት በምትታወቀው የህንዷ ራጃስታን ገበሬዎች ይህንን ችግር የሚፈቱት ያለ ምንም ማሽን ነው። ዘሩን በጆንያ ወይም በጨርቅ ቋጥረው ለበርካታ ቀናት በውኃ ይዘፈዝፋሉ፤ ውኃውንም በየቀኑ ይቀይራሉ። ውኃውን መቀየሩ እንደ ትንሽ ነገር ሊታይ አይገባም፤ ከቅርፊቱ የሚወጣውን ቡቃያ የሚከለክል ንጥረ ነገር የሚያጥበው እርሱ ነው። ከዚያም ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ በአንድ ቦታ እንዳይከማች ከደቃቅ አሸዋ ጋር ተቀላቅሎ በለሰለሰ መደብ ላይ ይበተናል፤ በላዩ ላይ እጅግ ስስ አፈር ብቻ ይነሰነሳል። መደቡ ሙቀት ማግኘትና እርጥበቱ አለመቋረጥ አለበት። ውኃው ግን በባልዲ ሳይሆን በወንፊት ቀዳዳ በኩል በቀስታ ሊጠጣ ይገባል፤ አለበለዚያ ዘሩ ታጥቦ ይሄዳል። ቡቃያው ለመታየት ሁለትና ሦስት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ጓሮዋ ውስጥ አሥር ችግኝ ብቻ የምትፈልግ ሴት ይህንን ሁሉ በአንድ ሰፊ የተበሳ ሳህን ወይም አሮጌ ጀሪካን ላይ ልትሠራው ትችላለች።

ሂና ለሁሉም ወረዳ አይደለም። ቅዝቃዜን አይችልም፤ ከ5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ይሞታል። ስለዚህ የደጋ ወረዳዎች “ለእኛም ይታቀድልን” ቢሉ ትርፉ ድካም ነው። ደጋው ሥሩ ተወቅጦ እጅና እግር የሚቀባ የራሱ እንሶስላ አለው፤ እርሱን ከመጥፋት ማዳን ራሱን የቻለ ሥራ ነው። በቆላውም ቢሆን ሂና የሰሊጥ ወይም የማሽላ ማሳ ሊሻማ አይገባውም። የሚበቃው የአጥር ዳርና የጓሮ ጥግ ነው። ጥሩ ቅጠል ለመስጠትም ሁለትና ሦስት ዓመት የሚፈልግ በመሆኑ ፈጣን ገቢ ለሚሻ ሰው የሚመከር አይደለም። አንዴ ከተቋቋመ በኋላ ግን እየተቆረጠ ከአሥር ዓመት በላይ ያገለግላል፤ ድርቅንም ይቋቋማል። የተቆረጠው ቅጠል በጥላ ሥር ከደረቀና ተወቅጦ ብርሃንና እርጥበት በማይገባበት ዕቃ ከተቀመጠ ቀለሙ አይደክምም። በፀሐይ ላይ ተሰጥቶ የደረቀ ቅጠል ገበያ ላይ የሚያስነቅፈው በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ድርሻ ይመጣል። የችግኝ ጣቢያ ሥራ በተቆጠረ ችግኝ ብዛት እስከተመዘነ ድረስ ቶሎ የሚበቅለው ባሕር ዛፍ ሁልጊዜ ይቀድማል፤ ዘሩ ትዕግሥት የሚጠይቅ ተክል ከዝርዝሩ ይወጣል። በአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር የሚተከለው ምን ይሁን ተብሎ ሲወሰን በየቀበሌው ያሉ ሴቶች ቢጠየቁ ዝርዝሩ ሌላ መልክ ሊኖረው ይችል ነበር። አንድ የቆላ ወረዳ ጣቢያ ጥቂት መደቦችን ለሂና ቢመድብ የሚያጣው ብዙ አይደለም። የልማት ጣቢያ ሠራተኞችም ዘር አዘፋፈዙን ለአንድ ቀበሌ ሴቶች በአንድ ከሰዓት ሊያሳዩ ይችላሉ። የዘር ምንጩ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል፦ ከሀገር ውስጥ ካደገ ቁጥቋጦ ላይ በደንብ የበሰለ ቡናማ ፍሬ መልቀም ይመረጣል፤ ከድንበር ማዶ የሚመጣ ዘር በኳራንቲን ሳያልፍ መግባት የለበትም። ዘር የጠፋበትም ቢሆን ቁጥቋጦው በግንድ ቁራጭ ይባዛልና ከጎረቤት አንድ ዘንግ መለመን ይችላል።

ችግኙ ወደ ጓሮ መዛወር ያለበት ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ሲጠና ነው። ይህ እንዲሆን መደቡ ከየካቲት እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ሊዘራ፣ ዘሩ ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ ተሰብስቦ ሊዘፈዘፍ ይገባል። በመሆኑም የሚመለከታቸው ወረዳዎች የዘር ማሰባሰቡን ሥራ በጥር ወር ዕቅዳቸው ውስጥ ሊያካትቱት ይገባል።