ከዳህራን ለካሉብ

ይድረስ በሶማሌ ክልል፣ በሽላቦና በአካባቢው ለምትኖሩ ወገኖቼ፣ በዚያው ስለሚገኘው የካሉብ ጋዝ ለምትወስኑ ባለሥልጣናትም፤

የምኖረው በሳዑዲ ዐረቢያ ምሥራቃዊ ግዛት፣ አል ኾበር ነው፤ ሥራዬ ብየዳ ነው። የካሉብ ወሬ በተነሣ ቁጥር የጎረቤታችን የዳህራን ታሪክ ትዝ ይለኛል።

ዳህራን በረሃ ነበረች። ዳማምና አል ኾበርም የዓሣ አጥማጆችና የዕንቁ ጠላቂዎች መንደሮች ነበሩ። አንድ የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1933 ውል ተፈራርሞ ቁፋሮ ቢጀምርም የመጀመሪያዎቹ ጉድጓዶች አላዋጡም። በ1938 ግን ሰባተኛው ጉድጓድ 1,440 ሜትር ገደማ ላይ ነዳጅ ሰጠ፤ እስከ 1982 ድረስም ሲቀዳ ኖረ። ዛሬ ሦስቱ ከተሞች ተገጣጥመው አንዱ የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር አይለይም።

ሀብቱ ሲገኝ ግን ለሁሉም እኩል አልደረሰም። አሜሪካውያኑ በአጥር በተከለለ ሰፈር፣ ማቀዝቀዣ ባለው ቤት ይኖሩ ነበር። የአገሬው ሠራተኞች የሚያድሩት ከዘንባባ ዝንጣፊ በተሠሩ ጎጆዎች ነበር። እዚህ በሐምሌ ሌሊት እንኳ ልብስ ገላ ላይ ይጣበቃል፤ በዚያ ወበቅ አድረው ጠዋት ጉድጓድ ላይ ይሰለፉ ነበር። በ1945 አድማ መቱ። በ1953 ተወካዮቻቸው ሲታሰሩ ብዙ ሺህ ሠራተኞች እንደገና ሥራ አቆሙ፤ ከዚያ በኋላ ደመወዝ ተጨመረ። በእነዚያው ዓመታት ለሠራተኛው የቤት መሥሪያ ብድር ተፈቀደ፤ ለልጆቹም ትምህርት ቤት ተከፈተ። በ1963 ደግሞ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሆነው የነዳጅና የማዕድን ኮሌጅ ተመሠረተ። ካምፑ ከተማ ወደ መሆን የተሸጋገረው ሠራተኛው ቤት ሠርቶ ልጆቹን ሲያስተምር ነው።

ካሉብ ጋዝ እንዳለ ከታወቀ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል። እባካችሁ፣ ዳህራን በአድማ ያገኘችውን እናንተ ከወዲሁ በውል አስገቡት። የአርብቶ አደሩ የግጦሽ መሬትና የውሃ ቦታ ሳይነካ ይከበር። አጥር ከመታጠሩ በፊት የከተማው ፕላን ይውጣ፤ ነዋሪው የይዞታ ማረጋገጫ ይያዝ። የሙያ ማሠልጠኛው ከጋዙ ሥራ ጋር እኩል ይራመድ፤ አለበለዚያ የሽላቦ ልጅ በገዛ ቀዬው ዘበኛ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

በብየዳና በቧንቧ ሥራ እጃችንን ያፍታታን ወገኖች እዚህ አለን። አስተማሪ ስትፈልጉ ጥሩን፤ እንመጣለን።

አክባሪ ወንድማችሁ፣
ከአል ኾበር